ሁሉን «አዎ» የሚለው ተከሳሽ፤ ወደ ታችኛው አዋሽ ያደረግኩት ጉዞ

ወደ ታችኛው አዋሽ የወረድኩት አገር ለማየት ብዬ አልነበረም። ሸለቆው በጥጥ እርሻ የነጣበት ዘመን ነው። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና የማስተምር ወጣት ነበርኩ። ክፍላችን ከማስተማሩ ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ሥራ ነበረው፤ ፍርድ ቤት ሲጠይቀን የተከሳሽን ወይም የምስክርን አእምሮ መርምረን ያገኘነውን ለዳኛ እንናገራለን። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል። ዳኛው፣ ተከሳሹ የሚሠራውንና የሚናገረውን የሚያውቅ ሰው መሆኑን ከተጠራጠረ፣ ባለሙያ አስጠርቶ ይሰማል፤ ፍርዱ ግን የራሱ ነው።

ያን ጊዜ የተጠራነው ሁመድ በሚባል የአፋር ወጣት ጉዳይ ነበር። ከእርሻው ዳር፣ አዲስ ቦይ በሚቆፈርበት ቦታ፣ ጌታነህ የሚባል የቀያሽ ረዳት በጩቤ ተወግቶ ሞቶ ተገኘ። ሁመድ ልብሱ በደም ርሶ ከሬሳው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ፖሊስ «አንተ ነህ የገደልከው?» ሲለው «አዎ» አለ። የእምነት ቃሉ ተጻፈ፣ በጣቱ ፈረመ። ከፊቱ የሚታየው ስቅላት ነበር። ተዘዋዋሪው ዳኛ ግን ልጁን አንድ ጊዜ አይተው ነገሩ አላማራቸውምና ዩኒቨርሲቲው ሰው እንዲልክላቸው ጠየቁ። የክፍሉ ኃላፊ ታመው ስለነበር ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። ከዚያ በፊት ችሎት ፊት ቆሜ አላውቅም።

ሰኞ

ከለገሃር በጠዋት ተነሳሁ። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ላደገ ሰው በባቡር ወደ ቆላ መውረድ ልብስ እየቀነሱ መሄድ ነው። ሞጆ ላይ ጋቢዬን አጠፍኩ፤ ናዝሬት ላይ ሹራቤን አወለቅኩ። መተሐራን ስናልፍ የማወልቀው ስላልቀረኝ ነፋስ ፍለጋ አንገቴን በመስኮት ባወጣ ዓይኔ አቧራ ሞላው። አዋሽ የወረድኩት አንዱን ዓይኔን በመሐረብ ይዤ ነው።

ያረፍኩበት ሆቴል ባለቤት ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ የወሎ ሰው ናቸው። ገና ሲያዩኝ ዕቃዬን ተቀብለው ወንበር ላይ አስቀመጡኝና የበረደ ንጹሕ ውኃ በስኒ አስመጥተው ዓይኔን ራሳቸው አጠቡልኝ።

«አብሽሪ ልጄ፣ አዋሽ እንዲህ ነው የሚቀበለው» አሉኝ። «ወዴት ነሽ?»

የእርሻውን ስም ስነግራቸው እጃቸው ቆም አለ። «ሰሞኑን የእርሻው መኪኖች ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚያልፉት። ያ ሰውዬ ከሞተ ወዲህ መንገዱ ደስ አይልም። የመጣልሽ ስንት መኪና ነው?»

የመጣልኝ አንድ ነበር። ሌላው ተበላሽቶ ቀርቷል። ሐጂ ወጡና ፍየል ጥብስ አስቀረቡልኝ። ሒሳብ አልቀበልም ብለው ሲምሉ ደግነታቸው ከማስደሰት ይልቅ አስፈራኝ፤ ሰው እንዲህ የሚያዝነው አደጋ ላይ ላለ ሰው መሆኑን አውቃለሁና። ሲመሽ አልጋዬን ደጅ አስወጡልኝ። እኛ አገር አልጋ ወደ እሳት ይጠጋል፤ እዚህ ወደ ነፋስ።

ማክሰኞ

ሾፌሩ ጋሼ ተሰማ ይባላሉ፤ ግንባራቸው የማይፈታ ጎልማሳ። አዋሽን ለቀን ገዋኔን እስክናልፍ ድረስ «ይያዙ» ከማለት በቀር አልተናገሩም። መንገድ ስል ጎማ የሄደበትን ማለቴ ነው፤ ከዚያ ውጭ ምንም የለም። ግራና ቀኙ እሾህ፣ ድንጋይና ትኩስ ጭጋግ የመሰለ አቧራ። እኛ ጋ ተራራ የአንዱን አገር ከሌላው ይለያል፤ እዚህ ዓይን የሚያርፍበት ስለሌለ ምን ያህል እንደሄድኩ እንኳ አላውቅም ነበር።

ድንገት «ጌታነህን ወደዚህ ያመጣሁት እኔ ነኝ» አሉ። «የአገሬ ልጅ ነው። ሥራ አለ፣ ና ብዬ። አሁን እርስዎ ያንን ልጅ እብድ ነው ብለው ሊያስለቅቁት ነው?»

«ገና አላየሁትም፣ ጋሼ ተሰማ።»

«ገድያለሁ ብሏል እኮ!»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

አዳይቱ ሳንደርስ፣ ደረቅ ወንዝ ስናቋርጥ፣ ላንድሮቨሩ እስከ ሆዱ አሸዋ ውስጥ ገባ። ጋሼ ተሰማ በአካፋ፣ እኔ በእጄ ቆፈርን። ጎማው ይሽከረከራል፣ መኪናው ይሰምጣል። ቀና ስል ከወንዙ ዳር ጠመንጃ ያነገቱ ሰዎች ቆመው ያዩናል። መቼ እንደመጡ አልሰማንም። ወገባቸው ላይ ጊሌ የሚሉት ጠማማ ጩቤ አለ።

ጋሼ ተሰማ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ «ስለ ሥራዎ አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ» አሉኝ። «የክሊኒክ ሐኪም ነኝ ይበሉ።»

ከሰዎቹ መካከል ጢማቸውን በሂና ያቀሉ አንድ ሽማግሌ ወረዱ። አይዳሂስ እባላለሁ አሉ። ባቲ ገበያ ሲመላለሱ የለመዱት አማርኛ ነበራቸው።

«አንቺ ማነሽ?»

«ሐኪም ነኝ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ረጅም ጊዜ አዩኝና ለሰዎቹ አንድ ነገር ተናገሩ። ጠመንጃቸውን ደርድረው፣ እንጨት ከጎማው ሥር እየከተቱ፣ መኪናውን እየጮኹ ገፍተው አወጡት። ፀሐይዋ ግን ልትጠልቅ ነበር። «ዛሬ አትሄዱም። ቤት ግቡ» አሉ ሽማግሌው። ግብዣ ይሁን ትእዛዝ አልለየሁም።

ቤታቸው ከቅስት እንጨት ተሠርቶ ሰሌን የለበሰ ነው። ጎንበስ ብዬ ስገባ ሴቶቹ ምንጣፍ አነጠፉልኝ፤ የጭስ ሽታ ያለው የግመል ወተትና ወፍራም ቂጣ ሰጡኝ። ወተቱን ከጠበቅኩት በላይ ወደድኩት፤ እኛ ዘንድ እንግዳ ይህን ያህል ወተት ብቻውን ቢሰጠው ሕፃን አስመሰላችሁኝ ይላል። የሽማግሌው ሚስት ግን አልበላችም። ከፊቴ ተቀምጣ ፊቴን ብቻ ታያለች። አማርኛ አታውቅም፣ እኔም አፋርኛ አላውቅም። ልብሴ ቆሻሻ ነው ይሆን ብዬ ደጋግሜ ራሴን አየሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ጋሼ ተሰማ ራዲያተሩን ውኃ ሲሞሉ አይዳሂስ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«አንቺ ሐኪም አይደለሽም» አሉኝ።

አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ይነጋገራሉ፤ ዳጉ ይሉታል። የእኔ ወሬ ከባቡሩ በፊት ደርሷል።

«ከአዲስ አበባ ሴት ትመጣለች፣ የሁመድን ጭንቅላት ታያለች ተብሏል። ሁመድ ልጄ ነው።»

ወደ መኪናው አየሁ። ሩቅ ነበር።

«ትላንት ገና አሸዋው ላይ አውቄሻለሁ» አሉ። «አትፍሪ። ቤቴ በልተሻል። አንድ ነገር ልንገርሽ። ልጄ እብድ አይደለም። ሞኝም አይደለም። በሰው ፊት እንዲህ አትበዪ። ገድሎ ከሆነ እንደ ወንድ ይሙት። ሰው እየሳቀበት ከሚኖር፣ ይሙት።»

«እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው፣ አባቴ። ሌላ ቃል ልገባልዎ አልችልም።»

ቀጥለው አንዱን ሰው ጠርተው ከፊታችን እስካለው ወንዝ መሻገሪያ ድረስ እንዲመራን አዘዙ፤ ሁለት አቁማዳ ውኃም መኪናው ላይ አስጫኑ። ስንነሳ «እኔም እመጣለሁ» አሉ። «ችሎቱ ላይ ታይኛለሽ።»

ማን ቤት እንዳደርን ለጋሼ ተሰማ ስነግራቸው መኪናውን አቁመው ወረዱ። ጥቂት ተራመዱና ተመለሱ። «የገዳዩን አባት ወተት ጠጣሁ» ብለው ብቻ ሞተሩን አስነሱ።

ሎጊያን ተሻግረን ዛሬ ሰመራ የተቆረቆረችበትን ሜዳ ስናይ ባዶ ነበር፤ ጥቁር ድንጋይና ነፋስ። ቁልቁል ወደ ወንዙ ስንወርድ ግን እርሻው ድንገት ነጭ ሆኖ ተዘረጋ። የደብረ ብርሃን የጥቅምት ውርጭ መሰለኝ፤ ሙቀቱ ባይኖር እጄን ለማሞቅ እፍ እል ነበር።

ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ዳኛው ዘንድ ሄድኩ። ሽበታም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። የተከሳሹ አባት ቤት ማደሬን ነገርኳቸው። ሐኪም ነኝ ብዬ መዋሸቴንም አልደበቅኩም።

«ይህን ከነገ ወዲያ ችሎት ላይ ከሁሉ አስቀድመው ይናገሩት» አሉኝ። «ሌላ ሰው ከተናገረው ምርመራዎ ሁሉ ገደል ገባ። አሁን ሄደው ይረፉ።»

ሐሙስ

አስተርጓሚዋን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የእምነት ቃሉን ሲቀበል የነበረው የፖሊስ አስተርጓሚ እንዳይሆን ዳኛውን ለምኜ ነበር። እትዬ ዘይነባ የባቲ ሰው ናቸው፤ ከእርሻው በር ላይ ሻይ ቤት አላቸው፤ አፋርኛን እንደ አማርኛ ይናገራሉ። «ያለውን ብቻ ነው የምልልሽ፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም፣ ወላሂ» አሉኝ።

ሁመድን ወደ አንድ ግራር ጥላ ሥር አመጡት። ትልቅ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ወጣት ነው። ካቴናው እጁን ልጦታል። ሲያየኝ ፈገግ አለ። ጠባቂዎቹ ድምፃችን እንዳይሰማቸው ራቅ እንዲሉ አደረግኩ።

በቀላሉ ጀመርን። የአባቱ ግመሎች ስም ማን ማን ነው? ፊቱ በራ፤ ቆጥሮ ቆጥሮ አልጨረሰም። ወቅቶችን ግን ማስተካከል አቃተው፤ ጠዋት ያልኩትን ከሰዓት በኋላ አያስታውስም። ከሕፃን ልጅ ጋር የማወራ መሰለኝ።

«ትላንት እዚህ ዝናብ ዘንቧል?» አስጠየቅኩት። ዝናብ ከጠፋ ወራት አልፎታል።

«አዎ።»

«አዲስ አበባ ሄደህ ታውቃለህ?»

«አዎ።»

«ይህችን ሴት ባለፈው ዓመት መትተሃታል?»

ወደ እሳቸው ስጠቁም እትዬ ዘይነባ እየቀፈፋቸው ተረጎሙት። ሁመድ ፊቴን አየ። የምፈልገውን መልስ ከፊቴ ላይ የሚፈልግ መሰለ። «አዎ።»

«ሰውዬውን አንተ አልገደልከውም፣ አይደል?»

«አዎ፣ አልገደልኩም።»

«አንተ ነህ የገደልከው?»

«አዎ።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ይህ ልጅ ሰው ቆጣ ብሎ ከጠየቀው ለማስደሰት «አዎ» ይላል፤ ጥያቄው ገመድ ቢሆንም አንገቱን ያስገባበታል። ከዚያ በኋላ «አዎ» ወይም «አይ» የማይባልበትን ጠየቅኩት። «ያን ቀን ያየኸውን ንገረኝ።»

ቀስ እያለ ተናገረ፤ እትዬ ዘይነባ እየተከተሉ፦ «ሰውዬው ተኝቶ ነበር። ተነስ አልኩት። አልተነሳም። ብድግ አደረግኩት፣ ወደቀ። ውኃ አፉ ላይ አፈሰስኩ። አልጠጣም። አብሬው ተቀመጥኩ።»

እትዬ ዘይነባ ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱ። እኔ ግን ገና አልተረጋጋሁም። ይህ እውነት ነው? እሱም ቢሆን የሰማው፣ ያለመው ሊሆን ይችላል። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አዎ» ማለቱ ምንም እንደማያስረዳ።

ዓርብ

ችሎቱ የተሰየመው ባዶ የጥጥ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ሌላ ያን ያህል ሰው የሚይዝ ቤት የለም። በአንድ ወገን የሟች የሥራ ጓደኞች፣ ጋሼ ተሰማ ከፊት። በሌላው ወገን ከሩቅ በእግር የመጡ አፋሮች፤ ጊሌና ጠመንጃቸውን በር ላይ ፖሊስ ተቀብሏል። አይዳሂስ ከመካከላቸው ቆመዋል፤ ተቀመጡ ቢባሉ አልተቀመጡም። የጥጥ ብናኝ አየሩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሰው ሁሉ ያስላል።

መጀመሪያ የት እንዳደርኩና ምን ብዬ እንደዋሸሁ ተናገርኩ። ከሠራተኞቹ ጉምጉምታ ተነሳ። ዐቃቤ ሕጉ ይህን አልለቀቁትም።

«ከተከሳሹ አባት ቤት በልተዋል፣ ጠጥተዋል፣ አድረዋል። ዋሽተዋልም። አሁን እውነት ይናገራሉ ብለን እንመን?»

«አይመኑኝ» አልኩ። ከየት እንደወጣ አላውቅም። «ተከሳሹን ክቡር ዳኛው ራሳቸው ይጠይቁት።»

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ሁመድ ዞሩ። «ይህን መጋዘን ትላንት ያቃጠልከው አንተ ነህ?»

እትዬ ዘይነባ ተረጎሙ። ሁመድ ዳኛውን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ፈገግ አለ። «አዎ።»

መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ። ሠራተኞቹ ሳቁ፣ ፖሊሶቹ ሳቁ። ሁመድም ሰው ሲስቅ አይቶ አብሮ ሳቀ። እኔ ወደ አባቱ ለመዞር ፈለግኩ፣ አንገቴ እምቢ አለኝ። በመጨረሻ ስዞር አይዳሂስ እንደቆሙ ናቸው፤ ዓይናቸው ከመሬት አልተነሳም።

ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ። «እዚህ የሚሳቅበት ነገር የለም!» ሳቁ ተቆረጠ።

ዐቃቤ ሕጉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «ታዲያ እሱ አልገደለም ነው የሚሉት?»

«አላውቅም» አልኩ። «ማን እንደገደለ የማወቅ ሥራ የእኔ አይደለም። የማውቀው፣ አካሉ ያደገ ቢሆንም አእምሮው የሕፃን መሆኑን ነው። ቆጣ ብሎ ለጠየቀው ሁሉ አዎ ይላል። ምን እንዳየ እንዲናገር ሲጠየቅ ግን ይናገራል።» ለእኔ የነገረኝንም እንዳለ ደገምኩት፤ ተነስ ማለቱን፣ ውኃውን፣ አብሮት መቀመጡን። ይህን ስናገር ጋሼ ተሰማ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አነሱ።

ከምሳ በኋላ ዳኛው ውሳኔውን አነበቡ። የእምነት ቃሉ ውድቅ ሆነ። ጩቤ አልተገኘም፣ ያየ ምስክር የለም። ሁመድ ይለቀቅ፤ ፖሊስ ፍለጋውን ይቀጥል። በአፋሮቹ በኩል ጩኸት አልተሰማም። ከሠራተኞቹ አንዱ ግን «የጌታነህ ደም ውሻ ላሰው ማለት ነው?» ብሎ ጮኸ፤ ጋሼ ተሰማ ክንዱን ይዘው አስወጡት።

ደጅ ላይ አይዳሂስ መጡ።

«ያልኩሽን አላደረግሽም» አሉኝ።

«አላደረግኩም፣ አባቴ።»

«ሳቁን ሰማሽ?»

«ሰማሁ። ይቅርታ።»

«እናቱ ታውቅ ነበር» አሉ። «ሁልጊዜ ትነግረኝ ነበር። ዝም በይ እላት ነበር።» ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው ሄዱ። ሁመድ ከኋላቸው የተላጠ እጁን እያሸ ተከተለ።

ቅዳሜ

ማልደን ተነሳን። እትዬ ዘይነባ ለመንገድ ቴምርና አንድ ፔርሙስ ሻይ ሰጡኝ፤ «ቆላ ለመድሽ እንዴ፣ ፊትሽ ጠቆረ» ብለው አሳቁኝ። ከጋሼ ተሰማ ጋር ግን ገና አልተነጋገርንም።

ሜዳው ላይ ስንወጣ ከሩቅ ሁለት ሰዎች በእግር ሲሄዱ አየን። ስንቀርብ አወቅናቸው። የመጡት ዘመዶቻቸው ወደ ሰርዶ በኩል ተበትነዋል፤ አባትና ልጅ ብቻቸውን ነበሩ፤ እስከ አዳይቱ የሁለት ቀንና ሌሊት የእግር መንገድ ይቀራቸው ነበር። እኔ ለመናገር አፌን ስከፍት ጋሼ ተሰማ ፍሬኑን ረግጠው ነበር።

«ግቡ» አሉ ወደ አይዳሂስ ሳያዩ።

አይዳሂስ አመነቱ። ሁመድ ግን መኪና ተሳፍሮ አያውቅምና እየሳቀ ዘሎ ገባ። አባቱ ተከተሉት። ጋሼ ተሰማ በመስታወቱ ልጁን ያያሉ፣ መንገዱን ያያሉ፣ ተመልሰው ያዩታል። በመጨረሻ መኪናውን ዝግ አደረጉት።

«ይንገረኝ» አሉ። «ስለ ጌታነህ። ያየውን ሁሉ። እኔ አልቆጣውም በሉት።»

አይዳሂስ ጠየቁት። ሁመድ ተናገረ፤ አባትየው ወደ ፊት ጎንበስ ብለው አማርኛውን እየፈለጉ ተከተሉት።

«ሰውዬው ዓይኑ ክፍት ነበር ይላል። ዝንብ መጣ። አባረርኩ ይላል። ፀሐይ መጣ፣ ፊቱ ላይ። እዚህ ጋ ተቀመጥኩ፣ ጥላ ሆንኩት ይላል። ፀሐይ ሄደ፣ እኔም ሄድኩ፣ በዚህ በኩል ተቀመጥኩ። ፖሊስ እስኪመጣ ጥላ ሆንኩት ይላል።»

ጋሼ ተሰማ ፊታቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። «ብቻውን አልነበረም ማለት ነው» አሉ።

አይዳሂስ ይህንን ለልጃቸው ተረጎሙለት። ሁመድ ደስ አለው። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጠይቀው ስላየው ሁሉ ማውራት ጀመረ፤ ስለ መኪናው፣ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ አባቱ ግመሎች። አይዳሂስም እስከ አዳይቱ ድረስ፣ እኛ ባንመልስም፣ ልጃቸው ያለውን ሁሉ አንዲት ቃል ሳይዘሉ ተረጎሙልን።